ቀን የሰጠው ቅል፦ ስቶይኮች ስለ እድል ምን ይላሉ?

በአማርኛ እድልን «ቀን» እያልን እንጠራዋለን። ሰው ሲሳካለት ቀን ሰጠው፣ ሲወድቅ ቀን ጣለው፣ ሲቸግረው ቀን ጎደለበት እንላለን። የተከፋ ሰው ስናጽናና «አይዞህ፣ ቀን ይወጣልሃል» ነው ቃላችን። ከሁሉም የምወደው ግን «ቀን የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል» የሚለውን ተረት ነው። ቅሉ ያው ቅል ነው። ድንጋዩም ያው ድንጋይ ነው። የተለወጠው ቀኑ ብቻ ነው።

ይህን ተረት በሰማሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። ቀኑ ሲዞርበትስ ቅሉ ምን ይሆናል? ድንጋይ የሰበረ መስሎት የኖረ ቅል፣ ቀኑ ካለፈ በኋላ ምን ቀረው?

ከ2,300 ዓመት ገደማ በፊት አቴንስ ላይ የተነሱ ፈላስፎች ይህን ጥያቄ የሕይወት ጉዳይ አድርገው ያዙት። ስቶይኮች ይባላሉ። መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነብ ሰው በስም ያውቃቸዋል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ላይ ከጳውሎስ ጋር አቴንስ ውስጥ የተገናኙት «ኢስጦኢኮች» እነሱ ናቸው። ስማቸው የመጣው ከሚማሩበት ቦታ ነው። «ስቶአ» በግሪክኛ በአምዶች የቆመ፣ ጣሪያ ያለው ረጅም በረንዳ ነው። የነሱ በረንዳ አቴንስ ገበያ አጠገብ ነበር፤ ግድግዳው በሥዕል ያጌጠ። ሻጩም ገዢውም በአጠገባቸው ያልፋል። ትምህርቱ በር ተዘግቶበት የሚሰጥ አልነበረም።

ትምህርቱን የጀመረው ዜኖ የሚባል የቆጵሮስ ሰው ነው። እንደሚተረክለት ነጋዴ ነበር። ሐምራዊ ቀለም የጫነች መርከቡ ወደ አቴንስ ወደብ ስትቃረብ ተሰበረችበት። ያ ቀለም ከባሕር ቀንድ አውጣ በጥቂት በጥቂቱ የሚወጣ፣ የባለጸጎችና የነገሥታት ልብስ የሚነከርበት ውድ ዕቃ ነው። አንድ ጭነት ጠፋ ማለት የአንድ ሰው ሀብት ባሕር ገባ ማለት ነው።

ዜኖ ባዶ እጁን ከተማ ወጣና አንድ መጽሐፍ ሻጭ ሱቅ ገብቶ ተቀመጠ። ሻጩ ስለ ሶቅራጥስ የተጻፈ መጽሐፍ ጮክ ብሎ ያነባል። ዜኖ ሰማ፤ ልቡ ተነካ። «እንዲህ ያሉ ሰዎች የት ይገኛሉ?» ብሎ ጠየቀ። በዚያችው ቅጽበት ክራቴስ የሚባል ፈላስፋ በደጅ ያልፍ ነበር። ሻጩ በጣቱ እያሳየው «ያንን ሰው ተከተለው» አለው። ዜኖም ተነስቶ ተከተለ።

ቀጥሎ የመጣው ትምህርት በምስር የተሞላ ድስት ነበር። ዜኖ ዓይናፋር ሰው ነው። ክራቴስ ይህን አየና የምስር ድስት አሸክሞ በሸክላ ሠሪዎች ሰፈር መሐል እንዲያልፍ አዘዘው። ትናንት ባለመርከብ የነበረ ሰው ድስት ተሸክሞ ሊታይ ነው። ዜኖ አፈረና ድስቱን ሊሸሽግ ሞከረ። ክራቴስ በበትሩ መታና ሰበረው። ምስሩ በእግሩ ላይ እየወረደ ሲሮጥ መምህሩ ከኋላ ጮኸበት፦ «ምን ያስሮጥሃል? ምንም ክፉ ነገር አልደረሰብህም እኮ!»

ዜኖ በኋላ ስለ መርከቡ ሲናገር «መልካም ጉዞ የተጓዝኩት መርከቤ የተሰበረ ቀን ነው» ይል ነበር ይባላል። እኛ አገር ይህን የሚሰማ ሰው ወዲያው «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» ይላል። ቃሉ ደስ ይላል፤ እውነትም አለው። ስቶይኮችም ዓለም ያለ አሳቢ የተተወች አይደለችም ብለው ያምኑ ነበር። ግን አንድ ነገር ልጨምር። የተደገሰው ድግስ የሚመጣው በጥሬው ነው። እህሉ አልተፈጨም፣ ሽንኩርቱ አልተከተፈም። በዚያ ባሕር ላይ መርከብ የተሰበረበት ዜኖ ብቻ አልነበረም። ወደቡ ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ የኖረም ነበር። ዜኖ ግን ሱቅ ገባ፣ ሰማ፣ ጠየቀ፣ ተነስቶ ተከተለ። ክራቴስ በደጅ ማለፉ አጋጣሚ ነው። ጥያቄው ግን የዜኖ ነው።

አሁን ወደ ከበደው ክፍል እንግባ። ስቶይኮች ስለ እድል ብዙ ያውሩ እንጂ፣ በጥብቅ ቋንቋ ሲናገሩ እድል የሚባል ነገር የለም ይላሉ። ያለ ምክንያት የሚሆን ነገር የለም፤ ሁሉም በምክንያት ሰንሰለት የተያያዘ ነው። እኛ «አጋጣሚ» የምንለው ምክንያቱ ከሰው አእምሮ የተሰወረውን ነው።

ለምሳሌ በታክሲ ሰልፍ ላይ ለአሥር ዓመት ያላየሁትን ጓደኛ አገኘሁ እንበል። «ምን ዓይነት አጋጣሚ ነው!» ብለን እንተቃቀፋለን። ግን እኔ እዚያ የቆምኩት ዝናብ ስለያዘኝ ነው። እሱ የቆመው መኪናው ጋራዥ ስለገባ ነው። ሁለቱም ምክንያት አለው። እኔ የእሱን አላውቅም፣ እሱም የእኔን። ባለማወቃችን መሐል ላይ የተገናኘንበትን ነጥብ ነው እድል ያልነው።

እዚህ ላይ ብልህ ሰው መጠየቁ አይቀርም። ሁሉም ነገር አስቀድሞ የተያያዘ ከሆነ የእኔ ጥረት ምን ይፈይዳል? «የተጻፈልኝ ከሆነ ሐኪም ቤት ብሄድም ባልሄድም እድናለሁ። ካልተጻፈልኝም ብሄድም አልድንም። ታዲያ ለምን እለፋለሁ?» ይህን አባባል ያልሰማ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም። «ዕድል ፈንታ፣ ጽዋ ተርታ» ብለን እጃችንን አጣጥፈን የተቀመጥንበት ቀን ስንት ነው? የጥንት ግሪኮች ለዚህ አስተሳሰብ ስም ነበራቸው፤ «ሰነፉ ክርክር» ይሉታል።

መልስ የሰጠው ክሪሲፐስ ነው፤ ከዜኖ ጀምሮ ሲቆጠር ሦስተኛው የበረንዳው መሪ። መልሱን ሳነብ የአማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ቢያውቀው ብዬ ተመኘሁ። እንዲህ ይላል። ነገሮች ለየብቻ አይወሰኑም፤ አብረው ነው የሚወሰኑት። መዳንህ የተወሰነ ከሆነ፣ ሐኪም መጥራትህም ከመዳንህ ጋር አብሮ ተወስኗል። «ይህ ሰው ልጅ ይወልዳል» ቢባል «ከሴት ጋር ተኛም አልተኛም ይወልዳል» ማለት እብደት ነው። ልጁ ያለ አባትና እናት አይመጣም። ፈውሱም ያለ መድኃኒቱ፣ መከሩም ያለ እርሻው እንዲሁ። ስለዚህ የአንተ ጥረት ከዕጣ ፈንታህ ውጪ የቆመ ተመልካች አይደለም። ዕጣ ፈንታህ የሚያልፍበት መንገድ ራሱ ነው።

እዚህ ላይ «ያለው ይሆናል» የሚለው ቃላችን ሌላ መልክ ይይዛል። አዎ፣ ያለው ይሆናል። የሚሆነው ግን በማን እጅ ነው? አንዳንዱ በእኔ እጅ ነው የሚሆነው።

እድልን በዓይን እንድናየው ያደረገው ሰው ግን ከሁለቱም ሌላ ነው። ኤፒክቴተስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ50 ገደማ ዛሬ ቱርክ በምትባለው አገር ሒራፖሊስ በተባለች ከተማ ተወለደ። ሮም ውስጥ የንጉሠ ነገሥቱ የኔሮ ሹም የነበረ ሰው ባሪያ ነበር። እግሩም አንካሳ ነው። ነጻ ከወጣ በኋላ ማስተማር ጀመረ። ንጉሠ ነገሥቱ ዶሚሺያን ፈላስፎችን ከሮም ሲያባርር ወደ ግሪክ አገር ኒቆጶሊስ ሄዶ ትምህርት ቤት ከፈተ። ራሱ አንድም መጽሐፍ አልጻፈም። ያለንን ያቆየልን አሪያን የሚባል ተማሪው ነው፤ የሚናገረውን ጽፎ ያዘ።

ኤፒክቴተስ አንድ ቀን ስለ ዳይስ ተናገረ። አዎ፣ በሉዶ ጨዋታ የምንወረውራት ዓይነት ባለ ስድስት ፊት ዳይስ። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ መጫወቻው በራሱ ጥሩም መጥፎም አይደለም። ዳይሱም እንዲሁ። ምን እንደሚወጣ በምን አውቃለሁ? የወጣውን በጥንቃቄና በብልሃት መጠቀም ግን የእኔ ሥራ ነው።

ሉዶ የተጫወተ ሰው ይህን ትዕይንት ያውቃል። ስድስት ፈልጎ ሁለት ወጣበት። አንዱ ተጫዋች ዳይሷን ይረግማል፣ እጁን ያራግፋል፣ «ዛሬ ቀኔ አይደለም» ይላል። በንዴት ላይ ሆኖ ያገኘውን ጠጠር ሁለት እርምጃ ገፍቶ ያስበላዋል። ሌላው ደግሞ ዝም ብሎ ሰሌዳውን ያያል። ሁለቷ የትኛውን ጠጠር ከአደጋ ታወጣለች? የትኛውን ታስጠጋለች? ሁለት ስድስት አትሆንም። ሁለት ሆና ግን የምትሠራው ሥራ አላት። ኤፒክቴተስ እድሜ ልኩን ያስተማረው ያንን ሰሌዳውን ማየት ነው።

እንደ ዳይሷ ከእጃችን ውጪ የሆነው ምን ምኑ ነው? ኤፒክቴተስ ዝርዝሩን አይደብቅም። ገንዘብ፣ ሹመት፣ ስም፣ ሰውነታችን ሳይቀር ሙሉ በሙሉ በእጃችን አይደለም። በእጃችን ያለው ፍርዳችን፣ ፍላጎታችን፣ ውሳኔያችን ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። «ገንዘብም ጤናም ግድ አይሰጠኝም በል» ያሉ ይመስለዋል። አላሉም። ጤና ከበሽታ ይመረጣል፤ ማጣትንም ማንም አይመርጥም። እነሱ የሚሉት ሰውን ደግ ወይም ክፉ የሚያደርገው ይህ አይደለም ነው። ዕቃው ያው ዕቃ ነው፤ አያያዙ ግን ያው አይደለም።

ኤፒክቴተስ ለዚህ የገበታ ምሳሌ አለው። ግብዣ ላይ ተቀምጠሃል፤ ሳህን እየዞረ ነው። አንተ ጋ ሲደርስ እጅህን ዘርግተህ በጨዋ ደንብ ውሰድ። ካለፈህ ጎትተህ አታስቀረው። ገና ካልደረሰ በዓይንህ አትቅደመው፤ እስኪደርስህ ጠብቅ። ለትዳርም፣ ለሹመትም፣ ለሀብትም እንዲሁ ሁን ይላል። በእኛ ቤት እንግድነት የሄደ የጨዋ ልጅ ይህን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል።

ዲቪ ሞልቶ ስሙ የወጣለት ሰው ያለው ደግሞ ዳይሷን በደንብ ይረዳታል። ስም መውጣቱ ውርወራው ነው፤ በኮምፒውተር ዕጣ የሚሆን። ግን ስማቸው የሚወጣው ሰዎች ቁጥር ከቪዛው ቁጥር ይበልጥ ነበር። ቅጹ በትክክል መሞላቱ፣ የትምህርት ማስረጃው መገኘቱ፣ ቃለ መጠይቁ፣ ይህ ሁሉ ከውርወራው በኋላ ያለ ጨዋታ ነው።

እዚህ ላይ በማኅበራዊ ሚዲያ ሁሌ ስለሚዞረው ጥቅስ ማንሳት አለብኝ። «እድል ማለት ዝግጅትና አጋጣሚ ሲገናኙ ነው» ይላል፤ ሥሩ ላይ የሮማዊው ስቶይክ የሴኔካ ስም አለ። አንዳንዴ ነጭ ጢም ያለው ሐውልትም ይለጠፍበታል። ሴኔካ ይህን አላለም። ከተረፉልን ጽሑፎቹ ውስጥ ይህ ዓረፍተ ነገር የለም።

የሚቀርበው ነገር ግን አለ። ስለ ውለታ በጻፈው ሥራ፣ በሰባተኛው ክፍል መጀመሪያ ላይ፣ የወዳጁን የዲሜጥሮስን ንግግር ያነሳል። ሐሳቡ ይህ ነው። ጎበዝ ትግለኛ ማለት የትግልን ዘዴ በሙሉ የተማረ አይደለም። አብዛኛው ዘዴ በእውነተኛ ትግል ላይ አይመጣም። ጎበዝ ማለት አንድ ሁለቱን አጥብቆ የተለማመደና የሚጠቀምበትን ጊዜ ነቅቶ የሚጠብቅ ነው። ብዙ ማወቁ አይደለም ቁም ነገሩ። ለማሸነፍ የሚበቃውን ማወቁ ነው።

ሁለቱ አባባሎች ይመሳሰላሉ፤ ልዩነታቸው ግን ሰፊ ነው። የማኅበራዊ ሚዲያው ጥቅስ የሚያወራው ስለ ስኬት ነው። «ተዘጋጅ፣ አጋጣሚው ይመጣል፣ ትበለጽጋለህ» ይላል። ዲሜጥሮስ የሚያወራው ግን ስለ ጥቂት የሕይወት መመሪያ ነው። አሥር መጽሐፍ አንብበህ ክፉ ቀን ሲመጣ አንዱም ካልታወሰህ አልተዘጋጀህም። ሁለት ነገር አውቀህ ሁለቱም እጅህ ላይ ካሉ ተዘጋጅተሃል። የተዘጋጀህበት አጋጣሚም የግድ መልካም አይደለም። ኪሳራ ሊሆን ይችላል፣ ሐዘን፣ ስድብ፣ የድስት ምስር።

የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ማርከስ ኦሬሊየስም ለራሱ በጻፈው ማስታወሻ ላይ ይህንኑ በሌላ ቋንቋ አስቀምጦታል። የመኖር ጥበብ ከጭፈራ ይልቅ ትግልን ይመስላል ይላል፤ ያልታሰበ ነገር ሲመጣ ጸንቶ መቆምን ይፈልጋልና። ጭፈራ ላይ ምቱን ታውቀዋለህ። ትግል ላይ ሰውየው በየት በኩል ጠልፎ እንደሚጥልህ አታውቅም።

ስለ ዝግጅት ሳወራ የራሴን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ማታ ስልክ ተደወለልኝ። ውጭ አገር የሚሰጥ አጭር ሥልጠና አለ፤ አንድ ሰው ቀርቷል፤ የፓስፖርትህን ኮፒ እስከ ነገ ላክ ተባልኩ። መሳቢያዬን ከፈትኩ። ፓስፖርቴ ጊዜው ካለፈ ስምንት ወር ሆኖታል። እዚያው መሳቢያው ፊት ቁጭ አልኩ። ለሳምንት ያህል ለሰው ሁሉ «እድለ ቢስ ነኝ» እያልኩ አወራሁ። እናቴ ሰምታ ሰምታ አንድ ቀን ቡና እያፈላች እንዲህ አለችኝ፦ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።» ልክ ነበረች። እድሌ እንዲያውም ጥሩ ነበር፤ ስልኩ ተደውሏል። ስልኩ መደወሉ በእኔ እጅ አልነበረም። ፓስፖርቱ ግን በእኔ እጅ ነበር፤ ያውም በገዛ መሳቢያዬ ውስጥ።

ወደ ሴኔካ እንመለስ፤ የእድልን ፊትና ጀርባ እንደሱ ያየ ጥቂት ነው። የተወለደው ዛሬ ስፔን በምትባለው አገር በኮርዶባ ነው። ታላቅ ወንድሙን የመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢዎች ታውቁታላችሁ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 የጳውሎስን ክስ አልሰማም ብሎ ከሳሾቹን ያባረረው የአካይያ ገዢ ጋልዮስ ነው። ሴኔካ እ.ኤ.አ. በ41 በንጉሠ ነገሥቱ ቀላውዴዎስ ትእዛዝ ወደ ኮርሲካ ደሴት ተጋዘ። ስምንት ዓመት ያህል ቆየ። በ49 ተጠራና ገና ልጅ የነበረውን ኔሮን ማስተማር ጀመረ። ልጁ ሲነግሥ ሴኔካ ከሮም ሀብታሞች አንዱ ሆነ። በ65 ኔሮ በሴራ ጠርጥሮ ራሱን እንዲገድል አዘዘው።

ከግዞት ሆኖ ለእናቱ ለሄልቪያ የጻፈው ደብዳቤ አለ። ሐሳቡ ልቤን ይነካዋል። እድል ሰላም የሰጠችኝ በመሰለችበት ጊዜ እንኳ አምኛት አላውቅም ይላታል። ገንዘቡን፣ ሹመቱን፣ ዝናውን እኔን ሳትነካ ልትወስድ የምትችልበት ቦታ ላይ አስቀመጥኩት። በእኔና በነሱ መካከል ሰፊ ክፍተት ተውኩ። ስለዚህ ወሰደችው እንጂ አልገነጠለችውም። ዕቃ ከጠረጴዛ ላይ ሲነሳና ከቆዳ ላይ ሲላጥ አንድ አይደለም።

እውነቱን ለመናገር ሴኔካ ሁሌ በዚህ ቃሉ አልጸናም። ከዚያው ደሴት ሆኖ ለንጉሡ ባለሟል የጻፈው ሌላ ደብዳቤ በሽንገላ የተሞላ ነው፤ መልሱኝ ነው ነገሩ። ሀብቱን ይዞ ስለ ድህነት መጻፉን በዘመኑም ወቅሰውበታል። እኔ ግን ስለዚህ ጉዳይ ራሱ ያለውን አምነዋለሁ። ለወዳጁ ለሉኪሊየስ ሲጽፍ «ሐኪም ሆኜ አይደለም የምነግርህ፤ አንድ ክፍል ውስጥ አብሬህ እንደተኛ በሽተኛ ስለ ጋራ ሕመማችን እያወጋሁህ ነው» ይለዋል። ከእንዲህ ያለ ሰው ምክር መቀበል ይቀለኛል።

ምክሩ በተግባር ምን ይመስላል? በታኅሣሥ፣ ሮም በበዓል ስትደምቅ፣ ለሉኪሊየስ እንዲህ ብሎ ጻፈለት። ጥቂት ቀናት ለይ። ርካሽ ምግብ ብላ፣ ሻካራ ልብስ ልበስ፣ ደረቅ መኝታ ላይ ተኛ። ከዚያ ራስህን ጠይቅ፦ «ስፈራው የኖርኩት ይህን ነው?» ጾም የምናውቅ ሰዎች ነንና ነገሩ እንግዳ አይሆንብንም። የእኛ ጾም ግን ለፈጣሪ ነው። የሱ ደግሞ ለፍርሃት ልምምድ ነው፤ ወታደር በሰላም ጊዜ ምሽግ እንደሚቆፍረው።

የዛሬዋ የፈረንሳይ ከተማ ሊዮን በእሳት ስትወድም ደግሞ የከተማዋ ተወላጅ የሆነ ወዳጁ በሐዘን ተሰበረ። ሴኔካ «በትልቅ ከተማና በምንም መካከል የአንድ ሌሊት ልዩነት ብቻ ነበር» ብሎ ጻፈ። ያልታሰበ ነገር እጥፍ ይከብዳል፤ ስለዚህ ሊመጣ የሚችለውን ሁሉ አስቀድመህ አስብ ይላል። እኔ እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል እላለሁ። በባሕሪው ጭንቀት የሚያበዛ ሰው ይህን ምክር ይዞ ሌሊቱን ሙሉ መዓት ሲቆጥር ያድራል። ደግነቱ ሴኔካ ራሱ በሌላ ደብዳቤ ከእውነቱ ይልቅ በሐሳባችን ብዙ እንሠቃያለን ብሎ ይገሥጻል። ልምምዱ አጭር ይሁን። አስበህ፣ ልታደርግ የምትችለውን አድርገህ፣ ወደ እራትህ ተመለስ።

ሌላም ልማድ አላቸው። ስቶይክ ሲያቅድ ሁሌ አንዲት ሐረግ ይጨምራል። «እሳፈራለሁ፣ የሚከለክለኝ ነገር ካልመጣ።» ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም። «ፈጣሪ ካለ» ወይም «ኢንሻላህ» ሳንል ለነገ ቀጠሮ የማንይዝ ሕዝብ ነን። ጥያቄው ሐረጓን እንዴት እንጠቀምባታለን ነው። አንዳንዴ ላለመምጣት ስንፈልግ እንላታለን። እነሱ የሚሏት ግን ሁሉን አሰናድተው ከጨረሱ በኋላ ነው። ቀስተኛ ምሳሌያቸው ነው። ቀስቱን ይመርጣል፣ ክንዱን ያጸናል፣ ዓይኑን ያስተካክላል፣ ይለቃል። ፍላጻው ከእጁ ከወጣ በኋላ ንፋስ ሊመጣ ይችላል፤ ኢላማውም ሊንቀሳቀስ ይችላል። መምታቱን ይፈልገዋል። ደህና ቀስተኛ መሆኑ ግን የሚለካው በአለቃቀቁ ነው።

ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ ያምራል፤ በክፉ ቀን ይሠራል ወይ? ጄምስ ስቶክዴል የአሜሪካ ባሕር ኃይል አብራሪ ነበር። ስታንፎርድ ሲማር አንድ የፍልስፍና አስተማሪ የኤፒክቴተስን ትንሽ መጽሐፍ ሰጠው። ለአብራሪ ምን ያደርግለታል ብሎ ግራ ገብቶት ነበር፤ ግን ደጋግሞ አነበባት። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 9 ቀን 1965 አውሮፕላኑ ሰሜን ቬትናም ላይ ተመታ። በጃንጥላ ሲወርድ ለራሱ ያለውን በኋላ ተናግሯል። ቢያንስ አምስት ዓመት እዚህ መቆየቴ ነው፤ የቴክኖሎጂን ዓለም ትቼ ወደ ኤፒክቴተስ ዓለም እየገባሁ ነው አለ። ሰባት ዓመት ተኩል ታሰረ። እግሩ ተሰብሮ ነበርና እሱም እንደ መምህሩ አንካሳ ሆነ። መጽሐፏን ይዞ አልታሰረም። የያዘው በልቡ የቀረውን ነው፤ የትግለኛውን አንድ ሁለት ዘዴ።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል፤ ሳልናገረው አላልፍም። ይህ ትምህርት ከላይ ወደ ታች ሲወረወር ክፉ ይሆናል። ጠግቦ የሚያድር ሰው ተርቦ ለሚያድረው «የወጣልህን ዳይስ በደንብ ተጫወት» ቢለው ይህ ጥበብ አይደለም፤ ጭካኔ ነው። አንዳንዱ ዳይስ በሰው እጅ የተዛባ ነው። ባርነትን ያመጣው ሰማይ አይደለም፤ ሕግና ገበያ ነው ያመጣው። ኤፒክቴተስ እንዲህ ሲናገር የምሰማው ራሱ ዕቃ ተብሎ የተሸጠ የተለወጠበት ዓለም ውስጥ ስለኖረ ነው። ለራሱ ነው የተናገረው፣ ፈቅደው ለመጡ ተማሪዎቹም። እኔም ለራሴ እወስደዋለሁ። ለሌላ ሰው ግን መጀመሪያ የሚያስፈልገው ምን እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ ብዙ ጊዜ ምክር አይደለም።

ኤፒክቴተስ ቤት ውስጥ የብረት ኩራዝ ነበረችው። አንድ ሌሊት ኮሽታ ሰማ። ሮጦ ሲወርድ ኩራዟ የለችም፤ ሌባ ወስዷታል። ለተማሪዎቹ ሲያወጋቸው ሌባውን አልረገመም። በመንቃት በለጠኝ አላቸው። ግን በኩራዝ ዋጋ ሌባነትን ገዛ። ከዚያ ለራሱ «ነገ የሸክላ ታገኛለህ» አለ። ሰው የሚያጣው ያለውን ነው።

የሸክላዋንም ገዛ። እሱ ከሞተ በኋላ አንድ ሰው በእሷ ብርሃን ቢያነብ የሽማግሌው ጥበብ የሚጋባበት መስሎት በ3,000 ድራክማ እንደገዛት ሉቂያኖስ የሚባለው ጸሐፊ መዝግቦልናል።